ማመልከቻው ላይ ያልተጻፉት ዓመታት



ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፣ የሌላችሁ ለማታ አቆዩት። ጉዳዩ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ማመልከቻ ነው። "የታሪክ አስተማሪን ይሄ ምን አገባው?" እንዳትሉኝ፤ ትንሽ ታገሱኝ፣ እንደሚያገባኝ ታዩታላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው እሑድ ነው። አንዲት የድሮ ተማሪዬ ከሜሪላንድ ደወለችልኝ። እኛ ጋ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፣ እሷ ጋ ገና ጠዋት። የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ነው የምታወራኝ። አረጋውያን በሚኖሩበት መንከባከቢያ ቤት ረዳት ሆና ትሠራለች፤ እዚያ ያላችሁት "ሲኤንኤ" የምትሉት ሥራ መሆኑ ነው። ስድስት ዓመቷ። አሁን በሠፈሯ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ነርስ ለመሆን ልታመለክት ነው።

"ቲቸር፣ አንድ ገጽ ጽሑፍ ልላክልዎትና ያዩልኛል? ስለ ናይቲንጌል የጻፍኩት ላይ የታሪክ ስሕተት እንዳይኖርብኝ ብዬ ነው።"

እስቲ ላኪው አልኳት። እግረ መንገዴን ምን ምን እንደተጠየቀች ስጠይቃት ግን ዝርዝሩ አላልቅ አለኝ። አናቶሚ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ስታትስቲክስ፣ ሳይኮሎጂ፣ የእንግሊዝኛ ድርሰት። ልብ በሉ፣ እነዚህ ለማመልከት ብቻ የሚያበቁ ናቸው፤ የነርሲንጉ ትምህርት ገና አልተጀመረም። ከዚህ ይዛ የሄደችው የአካውንቲንግ ዲግሪ በገምጋሚ ድርጅት ታይቶ በአሜሪካን ነጥብ መተመን አለበት። "ቲስ" የሚባል የመግቢያ ፈተና አለ፤ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ፣ 170 ጥያቄ በ209 ደቂቃ። በዚያ ላይ የሳይንስ ኮርሶች የአገልግሎት ዘመን አላቸው። ብዙ ኮሌጆች አምስት ዓመት ወይም ሰባት ዓመት ያለፈውን አይቀበሉም። የእሷ አናቶሚ ልጇን ከመውለዷ በፊት የተወሰደ ነው። በዚህ ዙር ካላመለከተች ይቃጠልባታል፣ እንደገና ከፍላ መማር ነው።

ጽሑፉ መጣ፤ አነበብኩት። ጥሩ እንግሊዝኛ ነው። ናይቲንጌል በመብራቷ ጨለማውን ስትገፍ፣ "ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወድ ነበር" የሚለውም በቦታው። ስድስት ዓመት ሌሊት ሌሊት የሠራችበት ሥራ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው የተሰጠው፤ "በዘርፉ የሥራ ልምድ አለኝ" ይላል።

መልሼ ደወልኩ። "ለምን ይህን አልጻፍሽውም?"

"ቲቸር ደግሞ፣ ዳይፐር መቀየር ምኑ ይጻፋል?"

ይህን ስትለኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። እሱን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ። መጀመሪያ ታሪኩን ልናገር። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ናይቲንጌልን ሁላችንም የምናውቃት በክራይሚያ ጦርነት ነው። መብራቱን ይዛ፣ በሌሊት፣ በቁስለኞች መካከል። ያ የ1854 እና 55 ታሪክ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ምክንያቱም ናይቲንጌል ራሷ አመልካች ነበረች። ሀብታም ቤት ነው የተወለደችው። በ1845፣ በ25 ዓመቷ፣ ሳልዝበሪ ባለው ሆስፒታል ሄጄ ጥቂት ወራት ልማር ብላ ቤተሰቧን ጠየቀች። ቤቱ ተናወጠ። እናቷ የምትሆነውን አጣች። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ማስታመም የድኻ ሴት ሥራ ነበር፤ ስካርና ብልግናም አብሮ ይነሣበታል። የጨዋ ልጅ አትገባበትም። ተከለከለች።

ታዲያ ምን አደረገች? ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣች በሻማ የሆስፒታልና የጤና ሪፖርቶችን ታነብ ጀመር። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። በ1851፣ 31 ዓመቷ ላይ፣ ጀርመን አገር ራይን ወንዝ ዳር ወዳለችው ካይዘርስቨርት ሄደች። ፓስተር ፍሊድነር የሚባል ሰው በ1836 የመሠረተው ሴቶችን ለበሽተኛ እንክብካቤ የሚያሠለጥን ተቋም እዚያ ነበር። ተቋሙ ለመግባት የምትጠይቅ ሴት የሕይወት ታሪኳን በአጭሩ እንድትጽፍ ይፈልጋል። ናይቲንጌልም ጽፋለች። አያችሁ? ተማሪዬ የተቸገረችባት ያቺ አንድ ገጽ፣ ለመሥራቿ ራሷም ቀርባላት ነበር። የቆየችው ሦስት ወር ነው። ሦስት ወር ለማግኘት ስድስት ዓመት!

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የሷ ተራ ነው፣ ጠያቂ የመሆን። ከክራይሚያ ስትመለስ ሕዝቡ ያዋጣላት ገንዘብ ወደ 45,000 ፓውንድ ደርሶ ነበር። በዚያ ገንዘብ በ1860 ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። 15 የሙከራ ተማሪዎች ገቡ። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም፣ ብዙ ሰው እሷ ራሷ ያስተማረች ይመስለዋል። አይደለም። ታማ ቤት ውላለች፤ ትምህርት ቤቱን በተግባር የመራችው የሆስፒታሉ ሜትሮን ሚስስ ዋርድሮፐር ናት። ናይቲንጌል በደብዳቤ ነው የምትከታተለው።)

አመልካቾቹ ምን ተጠየቁ? አናቶሚ አይደለም። ዕድሜ ከ25 እስከ 35 ቢሆን ይመረጣል፤ ዕድሜንና ጠባይን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይቅረብ። ከገቡም በኋላ በየወሩ የሚሞላ ቅጽ አለ። ሰዓት ማክበር፣ ጸጥታ፣ ታማኝነት፣ ንጽሕና፣ የክፍል ሥርዓት እየተባለ ለያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። የዚያን ዘመን ማመልከቻ የሚጠይቀው "ምን ታውቂያለሽ?" ብሎ አልነበረም። "የማን ልጅ ነሽ? ጨዋ ነሽ ወይ?" ብሎ ነው።

አሜሪካ ደግሞ ባሰ። በርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ፣ በ1861፣ ዶሮቲያ ዲክስ የምትባል ሴት የሰሜኑ ጦር ነርሶች የበላይ ሆና ተሾመች። የሷን መመዘኛ ሳነብ ሁሌ ሣቄ ይመጣል። ዕድሜ ከ30 በላይ፣ መልክ እንደነገሩ፣ ቀሚስ ቡኒ ወይም ጥቁር፣ ፀጉር ያልተጠቀለለ፣ ጌጥ የለም፣ ሪባን የለም። ቆንጆ ከሆንሽ አለቀልሽ ማለት ነው! ቁስለኛ ወታደር ልቡ እንዳይሸፍት ይሆናል የታሰበው። ጦርነቱ ሲበረታና ሰው ሲጠፋ ግን የመጣችውን ሁሉ መቀበል ግድ ሆነ። በር የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ችግር ሲገፋው ነው።

ከክራይሚያ ዘመን ሳንወጣ፣ በሩ ጨርሶ ያልተከፈተላትም አለች። ሜሪ ሲኮል የጃማይካ ሴት ናት፤ ኪንግስተን የተወለደች። እናቷ በባህል ሕክምና የታወቀች ነበረች፣ ልጅቷም ከሷ ተማረች። ፓናማ ኮሌራ ሲገባ በሽተኛ አስታማለች፣ ጃማይካ ቢጫ ወባ ሲገባም እንደዚሁ። በ1854 ለንደን መጥታ ወደ ክራይሚያ ከሚሄዱት ነርሶች ጋር ልሂድ አለች። የጦር ሚኒስቴሩን ጠየቀች፣ ሌላም ቢሮ ሌላም ቢሮ ዞረች። እምቢ አሏት። በኋላ በ1857 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ፣ ምናልባት የቆዳዬ ቀለም ይሆን እንዴ ብላ መጠየቋን፣ መንገድ ላይም ማልቀሷን ጽፋለች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና በገዛ ገንዘቧ ሄደች። ባላክላቫ አጠገብ ቤት ከፍታ ምግብም ሸጠች፣ ቁስለኛም አከመች። ያን ዘመን እሷን የሚያህል የኮሌራ ልምድ ያለው ስንት ሰው ለንደን ውስጥ ነበር? ልምድ ግን አልነበረም የተጠየቀው።

አሁን ለተማሪዬ በስልክ ወደነገርኳት ሴት ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩትም በሷ ምክንያት ነው።

ሜሪ ኢላይዛ ማሆኒ በ1845 ቦስተን ተወለደች። ወላጆቿ ከሰሜን ካሮላይና የመጡ፣ ከባርነት የወጡ ሰዎች ናቸው። ቦስተን ውስጥ በ1862 የተቋቋመ፣ ሴት ሐኪሞች የሚመሩት የሴቶችና የሕፃናት ሆስፒታል ነበር፤ ኒው ኢንግላንድ ሆስፒታል ይባላል። ማሆኒ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ገደማ እዚያ ተቀጠረች። ነርስ ሆና አይደለም። ወጥ ትሠራለች፣ ወለል ትወለውላለች፣ ልብስ ታጥባለች። አንዳንዴ ሰው ሲጎድል በሽተኛ ጋ ትገባለች፤ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታበላለች።

ይህ የቆየው ስንት ዓመት ይመስላችኋል? አሥራ አምስት!

በመካከሉ፣ በ1872፣ ያው ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተ። አሜሪካ ውስጥ ሠልጥና የመጀመሪያዋ ነርስ የምትባለው ሊንዳ ሪቻርድስ በ1873 የተመረቀችው ከዚያው ነው። እስቲ አስቡት። ማሆኒ በዚያው ሕንጻ ውስጥ ባልዲ ይዛ ኮሪደሩን ስታጥብ፣ ሌሎቹ ደብተር ይዘው በአጠገቧ ያልፋሉ። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ስድስት ዓመት አለፈ። በመጋቢት 1878 ተቀበሏት። 33 ዓመት ሊሞላት ነበር። የዕድሜው ጣሪያ 31 ስለነበር ለሷ ሲባል ታለፈ ማለት ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ማን መሆኗን ያውቋታል፤ የጠባይ ማስረጃ ጻፉልኝ ብላ የትም መሄድ አላስፈለጋትም።

ሥልጠናው 16 ወር ነው። "ትምህርት" ሲባል ግን የዛሬውን እንዳታስቡ። ከማለዳ እስከ ምሽት ክፍሉ ውስጥ ሥራ ነው፤ የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድ። በመሐል ሐኪሞቹ ይመጡና ሌክቸር ይሰጣሉ። በመጨረሻ በየቤቱ እየተላኩ በሽተኛ ማስታመም። የዚያ ዘመን የነርስ ተማሪ ማለት የሆስፒታሉ ርካሽ ሠራተኛ ማለት ነው፣ ይህን ደብቄ ላሳምረው አልፈልግም። በዚያ ዙር ከገቡት 42 ሰዎች በ1879 የጨረሱት አራት ብቻ ናቸው። ማሆኒ አንዷ ናት። በአሜሪካ ሠልጥና ለመመረቅ የመጀመሪያዋ ጥቁር ነርስ ሆነች።

ከ42 አራት! ሰላሳ ስምንቱን ምን ወሰዳቸው? እኔ ስገምት ገና ሲገቡ ሥራው ምን እንደሆነ አላወቁም። ማሆኒ ግን ያውም ለአሥራ አምስት ዓመት ስታየው ነው የኖረችው። የሚያስደነግጣት ነገር አልቀረም። በኋላ በ1908 የጥቁር ነርሶች ብሔራዊ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች፤ ያ ማኅበር ደግሞ ለአሥርት ዓመታት የታገለው ለዚሁ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው የቀለም አጥር እንዲነሣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። በ1901 ኒውዚላንድ ነርሶችን በሕግ መዝግባ ፈቃድ መስጠት ጀመረች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። በ1903 ሰሜን ካሮላይና፣ በ1919 ደግሞ እንግሊዝ ተከተሉ። ፈቃድ ሲመጣ ፈተና ይመጣል፣ ፈተና ሲመጣ ነጥብ። ቀስ በቀስ "ጨዋ ነሽ ወይ?" የሚለው ጥያቄ ቀረና "ስንት አመጣሽ?" ተተካ። እኔ ይህ ለውጥ ጥሩ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ነጥብ የማን ልጅ እንደሆንሽ አይጠይቅም። ግን ነጥብም ሁሉን አያይም። በጾታ በኩል እንኳን አሜሪካ ውስጥ እስከ 1982 ድረስ ጉዳዩ አልተቋጨም። ሚሲሲፒ ውስጥ ጆ ሆጋን የሚባል ሰው ወንድ ነህ ተብሎ የመንግሥት የነርሲንግ ትምህርት ቤት ስለከለከለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ነው፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ የረታው። እኛ አገር ይህ ክርክር እንግዳ ነው፤ በእኛ ገጠር መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ወንድ ነበርና።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንግባ።

በኛ አገር ነርስነትን የመረጠችው ስመ ጥር ሴት የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ናት ብላችሁ የምታምኑኝ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለጦሩ ፋሻና የጋዝ መከላከያ ጭምብል ከሚያዘጋጁት ሴቶች ጋር ሠርተዋል። በ1936 ቤተሰቡ ተሰዶ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሲገባ፣ ልዕልቲቱ ለንደን ያለው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርሲንግ መማር ጀመሩ። በ1939 ፈተናውን አልፈው የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ያም አልበቃቸው፤ አጠቃላይ ነርሲንግ ለመማር ጋይስ ሆስፒታል ገቡ፤ ለንደን በጀርመን ቦምብ እየተደበደበች ማለት ነው።

የንጉሥ ልጅ፣ ስደተኛ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ከሌሎች ተማሪዎች እኩል አንሶላ እያነጠፈች። አገር ነጻ ሲወጣ ተመለሱ፤ ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ሠሩ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነበሩ። ነርስ ሆነው፣ የነርስና የአዋላጅ እጥረት በሚገድልበት አገር፣ በወሊድ። ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ድምፄ ይለወጥ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስባ በስማቸው የቆመው ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ፤ የዛሬው ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው።

መደበኛው የነርስ ትምህርትም በዚያው ሰሞን ነው የጀመረው። በ1949 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል (ዛሬ የካቲት 12) ተከፈተ። ከዚያ የኔዋ ጎንደር። በ1953 የደምቢያን ሜዳ ወባ መትቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ተቋቋመ። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ሦስቱን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ነርሷ የሐኪም ጓዝ ተሸካሚ አልነበረችም፤ ከቡድኑ ሦስት እግሮች አንዷ ናት። እኔ ያን ኮሌጅ እያየሁ ነው ያደግኩት። ኋላም እዚያው ከተማ አስተማርኩ።

እንግዲህ ቅድም ወደ ኋላ አመጣዋለሁ ያልኩት ይኸው።

በ1997 ዓ.ም. ይቺው ልጅ አሥረኛ ክፍልን ጨረሰች። ውጤቷ ግሩም ነው። አንድ ቀን ስታፍ ሩም በር ላይ ጠበቀችኝና፣ "ቲቸር፣ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነርሲንግ ልመዘገብ ነው" አለችኝ። ያኔ አሥረኛን የጨረሰ በዲፕሎማ ይገባ ነበር። አባቷ የሉም፣ እናቷ ጠላ ሸጠው ነው ያሳደጓት። ሦስት ዓመት ተምራ ቶሎ ደመወዝ ልታመጣላቸው ነው ሐሳቧ። ደግሞም ትወደዋለች፤ የታመሙ አያቷን ያስታመመችው እሷ ናት።

እኔ ምን አልኳት? "በዚህ ውጤት ነርስ? ሽንት ልትደፊ? ፕሪፓራቶሪ ግቢ እንጂ!"

እናቷ አስተማሪ ያለውን አይሽሩም። ፕሪፓራቶሪ ገባች፣ ሶሻል ሳይንስ፣ አካውንቲንግ፣ ባንክ፣ ከዚያ ዲቪ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሜሪላንድ ላይ ዞራ ዞራ እዚያው የጀመረችበት ቦታ ቆማለች። "ዳይፐር መቀየር ምኑ ይጻፋል?" ስትለኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ያቺ ቃል የኔ ናት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ እኮ! ስለ ልዕልት ፀሐይ እንባ እየተናነቀኝ አስተምር ነበር። ያው ሰው ነኝ በር ላይ እንደ ናይቲንጌል እናት የሆንኩት። ከየት አመጣሁት ብዬ አሰብኩ። በኛ ጊዜ ተማሪ አያመለክትም፣ ይመደባል። ማትሪክ ላይ ያመጣኸው ነጥብ ነው የሚመድብህ። ሜዲስን ከላይ፣ ሌላው ከሥር፣ ነርሲንግ ደግሞ "ሜዲስን ላልደረሰው" ይባል ነበር። በነጥብ የተሰለፈ ነገር ሁሉ በክብርም የተሰለፈ መሰለን። ማን ለምን እንደሚፈልገው የጠየቀ የለም። አሜሪካኖቹ ያቺን አንድ ገጽ ማስጻፋቸው ብዙ ሰው ያሰለቻል፣ እኔ ግን ቀናሁባቸው። ተማሪዬ ስታፍ ሩም በር ላይ በቃል ልትነግረኝ የመጣችው እኮ እሷኑ ገጽ ነበር።

ኋላ እናቴ ስትታመም የነርስን ሥራ ቁጭ ብዬ አየሁት። አንዲት ነርስ ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ እየመጣች ትገለብጣት ነበር፤ ጀርባዋ እንዳይቆስል። አርባ ቀን ተኝታ አንድ ቁስል አልወጣባትም። ዶክተሩን አሁን መልኩን አላስታውሰውም። የነርሷ እጅ ግን ትዝ ይለኛል።

ለተማሪዬ ሁለተኛ ስደውል የማሆኒን ታሪክ ነገርኳት። አሥራ አምስት ዓመት ወለል ስትወለውል ብዬ ስጀምር ዝም ብላ ሰማችኝ። ቀጥዬ ጠየቅኳት። ሌሊት ምን ታደርጊያለሽ? ለማን ነው የምታደርጊው? ነገረችኝ። አንድ የማስታወስ ችግር ያለባቸው ሽማግሌ አሉ፤ ሌሊት ይነሡና ሚስታቸውን ይፈልጋሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። መጀመሪያ ሰሞን "ሞተዋል" ትላቸው ነበር፤ እሳቸውም በየሌሊቱ እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። አሁን ግን "እስቲ ስለሳቸው ይንገሩኝ" ትላቸዋለች። እሳቸው ያወራሉ፣ እሷ ልብሳቸውን ትቀይራለች። ሲጨርሱ ይተኛሉ። አንድ ሌሊት ደግሞ ሲያወሩ አንደበታቸው ሲተሳሰር ሰማች፤ የፊታቸው አንድ ወገን ወረድ ብሏል። ሮጣ ነርሷን ጠራች፣ ሆስፒታል በጊዜ ደረሱ። ስትሮክ ነበር።

"ይህን ነው የምትጽፊው" አልኳት። "ናይቲንጌልን አውጫት፣ አትቀየምሽም።"

ከዚያ እንደ ምንም ብዬ የ1997ቱን አነሣሁባት። "ያኔ በር ላይ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ?"

ትንሽ ቆየች። "አስታውሳለሁ ቲቸር። ቃል በቃል።"

"ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ።"

"ኧረ ቲቸር፣ እንዴ!" አለችና ሣቀች፤ ሣቋ ግን ወዲያው አልመጣም፣ ልብ ብያለሁ። "ጽሑፉ ላይ ላስገባዎት ነበር እኮ፤ ግን ከ500 ቃል አይለፍ ይላል። ለእርስዎ ቦታ የለም።"

አዲሱ ጽሑፍ ትናንት ሌሊት መጣልኝ። ሽማግሌው በሚስታቸው ስም ሲጣሩ ነው የሚጀምረው። አንድ ኮማ ብቻ ነው ያረምኩት። የ"ቲስ" ፈተናዋ የፊታችን ቅዳሜ ነው፣ ማመልከቻው የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ። ሒሳቡ አያሰጋትም፣ አካውንታንት ናት። የከበዳት የሳይንሱ ክፍል ነው፣ በተለይ የሰውነት ክፍሎች አሠራር። እዚህ ገጽ ላይ ያላችሁ፣ በዚያ መንገድ ያለፋችሁ ነርሶች፣ በምን እንዳጠናችሁና ሰዓቱን እንዴት እንደከፋፈላችሁት ከታች ጻፉላት። ስሟን አልነገርኳችሁም፣ ግን ታነባለች። የሌሊት ሥራ ላይ ስለሆነች መልስ የምትሰጠው በኛ ከሰዓት በኋላ ነው።